እርቅና የተበዳይ ድርሻ

በዚህ ወር የማስተማር ተራው የእኔ ስለሆነ በራሴ ከደረሰው ልጀምር።

አምና እዚሁ ሞሃንዲሲን የምሠራበት ቤት ማዳም በመጥበሻ ክንዴን መታችኝ። አረብኛ የምትችል አንዲት እትዬ ይዛኝ ሄዳ ፖሊስ ጣቢያ አመለከትን። በሦስተኛው ቀን ሥራ ያስገባኝ ደላላ መጣና 500 ጊኔ ሰጥቶ «ፈርሚና ይብቃ» አለኝ። ፈረምኩ። ለካ ወረቀቱ ግብፆች ሱልህ የሚሉት የእርቅ ወረቀት ነው። ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ። ማዳም ግን «አጥፍቻለሁ» አላለችኝም።

በወንጀል ጉዳይ ዋናው ከሳሽ መንግሥት ነው። ቢሆንም ተበዳይ ድርሻ አለው። በሀገራችን ሕግ መሠረት፣ በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስቀጡ ወንጀሎች ተበዳይ ካላመለከተ ክስ የለም፤ ማመልከቻውም በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ተበዳይ እዚያው በወንጀሉ ችሎት ካሳ መጠየቅም ይችላል። በግብፅም ካሳ መጠየቅ ይቻላል፤ እንደ ቀላል ድብደባ ባለው ጉዳይ ደግሞ ሱልህ ክሱን ያስቀራል። እንግዲህ ፊርማችን ቀላል ነገር አይደለም ማለት ነው።

ታዲያ እርቅ መጥፎ ነው? አይደለም። በአማራ አገር ደም ሲፈስ ሽማግሌ ይገባል፤ የበዳይ ወገን ጥፋቱን አምኖ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፤ ካሳ ይቆረጣል። ነፍስ ከጠፋ ግን እርቁ የመንግሥትን ክስ አያስቀርም። ዛሬ በሌላው ዓለም የተሃድሶ ፍትሕ የሚሉት ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ በዳይ ያምናል፣ ይክሳል፣ ተበዳይም ይናገራል።

ሽምግልናም ጉድለት አለው። የተጠለፈችውን ልጅ ሳይጠይቁ አባቷን ያስታረቁ ስንት ናቸው! የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንኳ ጠላፊው ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር። ይህ የቀረው ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው።

ስለዚህ እህቶቼ፣ «ታረቂ» ሲሏችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦

1ኛ. በዳይ ጥፋቱን አምኗል ወይ?
2ኛ. ካሳው ለሕክምናዬና ሥራ ለፈታሁበት ቀን ይበቃል ወይ?
3ኛ. ወረቀቱን የማምነው ሰው በአማርኛ አንብቦልኛል ወይ?

አንዱ ከጎደለ «ቆይ፣ ላስብበት» በሉ። ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም። ክንዴ ዛሬም ውኃ የሞላ ባልዲ ሳነሳ ያመኛል፤ ያን ፊርማ ያስታውሰኛል።

እህታችሁ