ምዕራፍ ዘጠኝ፦ የማን ውሻ ነው?

ሰፈር ውስጥ ውሻ ሰው ሲነክስ መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ «የማን ውሻ ነው?» የሚል ነው። ትናንት «የእኛ ቡቺ» ሲል የነበረው ጎረቤት ድንገት «ኧረ እኔ አላውቀውም፣ ዝም ብሎ ግቢ የሚገባ ውሻ ነው» ይላል። እንዲህ ያለውን ጎረቤት አልፈርድበትም፤ እኔም ያው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ያውቃል።

ውሻዬን ያመጣሁት እንደ ብዙዎቻችን ለሌባ ብዬ ነበር። ቀን ቀን ቆርቆሮው ሥር በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። እንግዳ ሲመጣ ሲዘልና ሲጮህ «ኃይለኛ ነው» እያልኩ እኮራበት ነበር። ለካ ኃይለኛ ሳይሆን ፈሪ ኖሯል። ቡችላ ገና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሰውን፣ ሕፃናትን፣ የመንገዱን ጫጫታ ካልለመደ፣ ካደገ በኋላ ያላወቀውን ሁሉ እንደ ጠላት ያያል። ሰንሰለቱ ደግሞ ያባብስበታል፤ መሸሽ የማይችል ውሻ ያለው አማራጭ መንከስ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ሰንሰለቱ ተበጠሰ፤ ኳሱን ሊያነሳ የገባውን የጎረቤት ልጅ ባቱ ላይ ነከሰው። እናቱ እየሮጠች መጥታ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ተከትቧል?»

አልተከተበም ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በሰው ላይ ከሚደርሰው ከ100 ወደ 99 እጁ የሚተላለፈው ከውሻ ነው፤ ከሟቾቹም መካከል ብዙ ልጆች አሉ። ምልክቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ስለሚወስድ ቁስሉ ሲድን ሰው ይዘናጋል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን ይጀምር፤ ዙሩንም ሳያቋርጥ ይጨርስ። ጸበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የክትባቱን ቦታ አይተካም። ውሻውን በድንጋይ ለመግደልም አይቸኩሉ፤ አስሮ 10 ቀን መከታተል ይበጃል። በነከሰበት ሰዓት በሽታው በምራቁ ውስጥ ከነበረ በእነዚያ ቀናት ይታመማል ወይም ይሞታል። የእኔው 10 ቀን በሰላም ቆየ። ልጁም ክትባቱን ጨረሰ። እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ግን አልረሳም።

የዚህ በሽታ መዘዝ ከአጥርም ያልፋል። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውና ለመራባት የደረሰው ቁጥሩ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ በባሌ ተራሮች በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 እ.ኤ.አ. በዚሁ በሽታ ክፉኛ አልቋል፤ በሽታው የመጣበት ደግሞ ካልተከተቡ የአካባቢው ውሾች ነው።

ታዲያ ውሻ አናሳድግ ማለቴ ነው? አይደለም። ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ሄደው ብቻቸውን የቀሩ እናት፣ ጠዋት በሩ ላይ ጅራቱን እየቆላ የሚጠብቃቸው ሲኖር ተነስተው ምድጃ ይለኩሳሉ፤ ለእሱ ሲሉ ለራሳቸውም ይበላሉ። ውሻውን ለማንሸራሸር ብሎ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የሚራመድ ስኳር ታማሚ፣ ሐኪሙ ሲለምነው የኖረውን ሳይታወቀው ያደርገዋል። ውሻ ቤት ውስጥ መግባቱን ሃይማኖታችሁ ባይፈቅድ እንኳ፣ ግቢ ውስጥ ደረቅ ማደሪያና ንጹሕ ውሃ መስጠትን የሚከለክል የለም።

ምግብን በተመለከተ አንድ ልማዳችንን ልንካ። የወጥ ትርፍራፊ ለውሻ ደግ ይመስላል፤ ነገር ግን ሽንኩርት፣ ነጭም ሆነ ቀይ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም። የበሰለ የዶሮ አጥንትም እንደ ስንጥር ተሰባብሮ አንጀት ይወጋል። የተቀቀለ ሩዝ ከጥቂት ሥጋ ጋር፣ ያለ ቅመም፣ ይሻለዋል። ቅርጫ ሲታረድ ደግሞ ጥሬ ጉበትና ሳንባ አይወርውሩለት፤ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ፣ በሰው ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ የሚያወጣ ትል በዚያ በኩል ይዞራል።

ሴት ውሻ ካለችዎት ያስመክኗት። እርግዝናዋ ሁለት ወር ብቻ ነው፤ ቡችሎቿን፣ በተለይ ሴቶቹን፣ የሚቀበል ሰው ማግኘት እንዴት እንደሚያደክም የሞከረ ያውቀዋል። በየቆሻሻ ገንዳው ሥር በካርቶን ተጥለው የምናያቸው ከዚያ የመጡ ናቸው።

ከሁሉ የሚከፋኝ ግን የኮንዶሚኒየም ነገር ነው። ዕጣ ወጣ፣ ደስ አለን፣ ዕቃ ተጫነ፤ ውሻውን አራተኛ ፎቅ ማን ይወስደዋል? ሰንሰለቱ ተፈቶ በሩ ላይ ይቀራል። ውሻ 10 እና 12 ዓመት ይኖራል። ቡችላ ለልጅዎ በስጦታ ከማምጣትዎ በፊት የዛሬ 10 ዓመት የት ቤት እንደሚሆኑ ያስቡ፤ የኪራይ ቤት ነዋሪ ከሆኑ ደግሞ አከራይዎን አስቀድመው ይጠይቁ።

ውሻው አሁን ግቢዎ ውስጥ ካለ የክትባት ካርዱን ዛሬ ማታ ይፈልጉት። ካርድ ከሌለው፣ ወይም ከተከተበ ዓመት ካለፈው፣ ነገ ጠዋት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት።