ደጋ ያደገ ሰውነት ሙቀት ሲገጥመው

ሞላሌ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ባናና በርኖስ እዚህ ጌጥ አይደሉም፤ ክረምት ከበጋ ይለበሳሉ። ከዚህ አገር ስለ ሙቀት ጥያቄ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ሐኪም የለም። ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ግን ስለ ጉንፋኑና ስለ ቁርጥማቱ ትንሽ ብለው ወደ ሙቀት ነው የሚዞሩት። ነገሩ አያስገርምም፤ የመንዝ ልጅ መንዝ አይቀርም። ለቀን ሥራ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል፣ ሰሊጥ ለማረም መተማ ይሻገራል፣ ጅዳና ቤይሩት ሰው ቤት ይገባል፣ ሲቀናው ሮም ወይም ፍራንክፈርት ይደርሳል። የሚሄድበት ሁሉ፣ አውሮፓውም በበጋው፣ ከዚህ ይሞቃል፤ ይዞት የሚሄደው ሰውነት ግን የሞላሌ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሮም ከተማ አንዲት አሮጊት እያስታመመች ትኖራለች። ሰሞኑን በስልክ «ሙቀቱ 40 ገባ፣ ሰው እየሞተ ነው» አለችኝ። እኛ ጋ ሐምሌ ነው፤ ጭጋጉና በረዶው ከቤት አያስወጣም። የፈረንጅ አገር ብርድ እንጂ እንዲህ ያለ ሙቀት አለው እንዴ? በብርድ ያደገ ገላዋስ ይችለዋል? *(እናት፣ ከሞላሌ)*

መልስ፦ አለው እናቴ፤ ሰውም ይገድላል። በ1995 ዓ.ም. ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ በነበሩት ሁለት ሳምንታት ፈረንሳይ ብቻ ወደ 15,000 ሰው አጥታለች። በዚያ ዓመት በጋ በመላው አውሮፓ በሙቀቱ የሞተው ከ70,000 በላይ እንደሆነ ተገምቷል። ሐምሌ 12 ቀን 2014 ደግሞ እኛ ሚካኤልን ስናከብር፣ በብርዷና በዝናቧ የምናውቃት እንግሊዝ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ40 ዲግሪ በላይ መዘገበች።

«ታዲያ መተማም እኮ 40 ይገባል» ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። የአውሮፓን ሙቀት ክፉ የሚያደርገው ግን ሌሊቱ ነው። ሞላሌ ፀሐይዋ ቀን ብትከርርም ማታ ሰው እሳት ዳር ይሰበሰባል፤ ሰውነት ሌሊቱን ያርፋል። በ1995ቱ ሙቀት የፓሪስ ሌሊት አልበረደም። ቤቶቹ የተሠሩት ሙቀት ይዘው እንዲያቆዩ ነው፤ ከጣሪያ ሥር ያሉት ክፍሎች ቀን የጠጡትን ሌሊት ይተፉታል። ከሞቱት አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ወሩም ነሐሴ ስለነበር ዘመድና ጎረቤት ለእረፍት ከከተማ የወጣባቸው። በራቸውን የሚያንኳኳ ጠፍቶ የሞቱ ጥቂት አልነበሩም።

ወደ ልጅዎ ልመለስ። ጤነኛና ወጣት ከሆነች ደጋ ማደጓ ዕድሜ ልክ የሚከተላት ድክመት አይደለም። ሰው ገላውን የሚያቀዘቅዘው እንስራ ውኃውን በሚያቀዘቅዝበት መንገድ ነው፤ እርጥበቱ ወደ ውጭ ወጥቶ ሲተን ውስጡ ይበርዳል። ሙቀት ያልለመደ ሰውነት ዘግይቶና አሳንሶ ያልበዋል፣ በላቡም ብዙ ጨው ያፈሳል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ሲቆይ ቶሎና አብዝቶ ማላብ ይለምዳል፤ ጨዉን መቆጠብ ይጀምራል፤ የልቡም ምት ይረጋጋል። አስጊዎቹ ሙቀቱ በድንገት የገባባቸው የመጀመሪያ ቀናት ናቸው።

እኔን ከልጅዎ ይልቅ ያሳሰቡኝ የምታስታምማቸው ሴትዮ ናቸው። ሰው ሲያረጅ ጥሙ ይደበዝዛል፤ አፉ ደርቆም «አልጠማኝም» ይላል፤ ላቡም ይቀንሳል። ስለዚህ ልጅዎ «ውኃ ልስጥዎት ወይ?» ብላ አትጠይቅ፤ ሰዓት ይዛ በትንሽ በትንሹ ታጠጣቸው፤ ሐኪም የውኃ ልክ የወሰነላቸው የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ከሆኑ ግን ልኩን ትጠብቅ። መስኮቱንና መጋረጃውን ጠዋት ዘግታ፣ ውጭው ከቤቱ ሲቀዘቅዝ ማታ ትክፈት። አገራችን «ቤቱ ይናፈስ» ብለን ቀትር ላይ በር የምንከፍተው እዚያ እሳት ማስገባት ነው። አንገታቸውንና ክንዳቸውን በእርጥብ ጨርቅ ታብስ፣ እግራቸውን ሳፋ ውስጥ ታስነክር። ማራገቢያ ጥሩ ነው፤ የክፍሉ ሙቀት ከ40 ሲያልፍ ግን ትኩስ አየር መልሶ ስለሚረጭ ይጎዳል። ሴትዮዋ ንግግራቸው ከተዘበራረቀ ወይም ያለ ወትሯቸው እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው በ112 አምቡላንስ ትጥራ፤ «ይተኙ፣ ይሻላቸዋል» አትበል።

ጥያቄ፦ የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። ግንቦት ላይ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ለመንቀል ወርጄ በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ አዙሮኝ ወደቅሁ። ጓደኞቼ «ምች ነው» ብለው ጋቢ ደራርበው ዳማከሴ አሸተቱኝ። አንዱ ውኃ ልድፋበት ቢል «በላቡ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ይገድለዋል» ብለው ከለከሉት። ተርፌያለሁ። ማናቸው ነበሩ ልክ? *(ከመንዝ ማማ)*

መልስ፦ ውኃ ልድፋበት ያለው ጓደኛህ። ጋቢ ያለበሱህ ክፉ አስበው አይደለም፤ አንተን የያዘህ የሙቀት ሕመም ቀለል ያለው ዓይነት ስለነበረ ግን በዕድል ተርፈሃል።

ቀለል ያለው ሰውነት ውኃና ጨው ሲያልቅበት የሚመጣው ነው። ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጡንቻ ይሸማቀቃል፣ ላብ ያጠምቃል፤ ሰውዬው ግን ስሙን ይጠራል፣ የት እንዳለ ያውቃል። ጥላ ሥር አጋድሞ፣ እግሩን ከፍ አድርጎ፣ ኦአርኤስ ወይም ጨውና ስኳር የገባበት ውኃ ማጠጣት ይበቃዋል። ልኩ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ በሻይ ማንኪያ አፉ የተላጨ ስድስት ስኳርና ግማሽ ጨው ነው።

ከባዱ ሌላ ነው። የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፍና አንጎል መቃጠል ይጀምራል። ሰውዬው ይቀባዥራል፣ ሰው ይሳደባል፣ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ከዚያ ራሱን ይስታል ወይም ይንቀጠቀጣል። ላቡ ደርቆ ቆዳው ሊግል ይችላል፤ በሥራ ላይ የወደቀ ሰው ግን ላብ እያሰመጠውም እዚህ ሊደርስ ይችላልና «እያላበው ነው፣ ደኅና ነው» አትበሉ። አንድ ጎልማሳ በሦስት ጋቢ ተጠቅልሎ፣ የዳማከሴ ጭማቂ ካፍንጫው እስከ አገጩ ወርዶ በባጃጅ ሲያመጡልኝ ትዝ ይለኛል። ጋቢዎቹን ስገልጥ የወጣው ሙቀት የምጣድ ነበር። ያመጡት ወንድሞቹ ውኃ ስናፈስበት እጄን ሊይዙ ቃጥቷቸዋል።

እንዲህ ያለ ሰው ስታዩ መጀመሪያ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ጫኑት። ልብሱን አውልቃችሁ የመስኖ ቦይ ቅርብ ከሆነ ጭንቅላቱን ደግፋችሁ ጥልቀት በሌለው ውኃ አስተኙት፤ ከሌለ በጄሪካን አፍስሱበትና በነጠላ አራግቡለት። በረዶ ከተገኘ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አድርጉ። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ መብረድ አለበት። አንዱ እያቀዘቀዘ ሌላው 907 ይደውል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ውኃም፣ ቡናም፣ ዳማከሴም አይገባም፤ ወደ ሳንባው ይወርዳል። ፓራሲታሞልም አይረዳውም። ያ መድኃኒት የሚያወርደው ሰውነት ራሱ ከፍ ያደረገውን ትኩሳት ነው፤ እዚህ ግን ሙቀቱ የገባው ከውጭና ከሥራው ነው።

የዳማከሴ ጠላት አይደለሁም፤ እናቴ ጓሮ ነበረ። ለራስ ምታትና ለጉንፋን ያሸተተ ሰው አይጎዳም። ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣውም «ምች» ቫይረስ ነው፤ ፀሐይ ይቀሰቅሰዋል፣ በራሱ ጊዜ ይድናል። የምቃወመው ጋቢውንና የሚባክነውን ሰዓት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቆላ ወርዶ የተመለሰ የደጋ ሰው ትኩሳትና ራስ ምታት ሲይዘው «ፀሐይ መታኝ» ብሎ ይተኛል። በወባ ትንኝ የተነደፈ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚታመመው ከሳምንት በኋላ፣ ምናልባትም ሞላሌ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ደጋ ያደገ ሰው ወባን የሚቋቋምበት አቅም አላዳበረምና ቶሎ ይጠናበታል። ጤና ጣቢያ ሄደህ ጣትህን ተወጋ፤ «ከቆላ ነው የመጣሁት» ማለትህንም አትርሳ።

ለሚቀጥለው ጊዜ፦ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀት በስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨምራል። ከሞላሌ በመዘዞና በደብረ ሲና አድርገህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ 1,700 ሜትር ያህል ወርደሃል፤ በአንድ ቀን 11 ዲግሪ ጨመርክ ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ከሙሉ ሥራው አምስት እጅ አንዱን ብቻ ሥራ፣ ከዚያ በየቀኑ ያንኑ ያህል ጨምር። ክፍያው በቁርጥ ሲሆን ይህ ምክር ቀልድ እንደሚመስል አውቃለሁ፤ አሠሪው ለአዲስ መጪ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ካላቀለለ ሠራተኛው ብቻውን አይችለውም። ቢያንስ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ሠርታችሁ፣ ቀትሩን ጥላ ሥር አሳልፋችሁ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ተመለሱ። ሥራ ላይ ሳለህ ሳይጠማህም በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጣ። በርበሬና ጨው ያለው ሽሮ ከበላህ ጨዉ ይተካል። የማታ አረቄ ግን ለነገ ጠዋት ሰውነትህን አድርቆ ያስነሳሃል።

ጥያቄ፦ ልጄ ከነቤተሰቡ ጀርመን ነው። ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ ይጾማሉ፤ ልጆቹም ይቆርባሉ። በዚህ ሙቀት ጾሙ አይጎዳቸውም? ጹሙም፣ አትጹሙም ለማለት ተቸገርኩ። *(ቄስ፣ ከመሐል ሜዳ አካባቢ)*

መልስ፦ አባቴ፣ ይባርኩኝና ልመልስ። ፍልሰታ እኛ ዘንድ የጭጋግና የጭቃ ጾም ነው፤ ጥሙ ብዙ አይሰማም። እዚያ ግን ነሐሴ የበጋው ወገብ ነው፤ የ1995ቱ ሙቀት የከፋባቸው ቀናትም ፍልሰታ የገባባቸው ነበሩ። ደግሞ ጾሙ የሚፈታበት ዘጠኝ ሰዓት እዚያ አገር ሙቀቱ የሚበረታበት ሰዓት ነው።

ጤነኛ አዋቂ ጥላ ሥር ከዋለ፣ ማታ ከመተኛቱ በፊት ደኅና አድርጎ ከጠጣና ዘጠኝ ሰዓት ሲፈታ ቀስ እያለ ከተካ ይወጣዋል። ፀሐይ ላይ የሚሠራ፣ ግንብ የሚገነባ ወይም ዕቃ የሚያመላልስ ከሆነ ግን ያለ ውኃ መዋሉ ያሰጋኛል። ለሕፃናቱ የበለጠ እሰጋለሁ፤ የሚቆርቡ ልጆች ቅዳሴ እስኪወጣ ሜዳ ላይ ኳስ እንዳይሯሯጡ፣ ቅዳሴው እንዳለቀም ውኃ እንዲቀድም ያድርጉ። ስኳር፣ ኩላሊት ወይም ልብ ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን ጾሙ ሳይገባ ለንስሐ አባታቸው ይንገሩ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ እንደምታዝን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ እርስዎ ከዚህ ደውለው «ውኃ ጠጡ» ቢሏቸው ከሐኪም ምክር ሁሉ ይልቅ ይሰማል።

ጥያቄ፦ የአራት ወር ሕፃን ይዤ ጀማ ወንዝ ቆላ ወዳሉት ዘመዶቼ ልወርድ ነው። ውኃ ላቅምሰው? *(ከመርሐቤቴ)*

መልስ፦ አታቅምሺው እህቴ። እስከ ስድስት ወሩ ሙቀትም ቢሆን የእናት ጡት ይበቃዋል፤ ቶሎ ቶሎ አጥቢው፣ አንቺ አብዝተሽ ጠጪ። በደጋ ልማድ በጋቢ አትጠቅልይው፤ ስስ ጨርቅ ይበቃዋል። ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ከፈዘዘ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

ጥያቄ፦ ስኳርና ደም ግፊት አለብኝ፤ ኢንሱሊን እወጋለሁ፣ የግፊት ኪኒንም እውጣለሁ። ቆላ ልጄ ዘንድ ሁለት ወር ልቀመጥ ነው፤ ማቀዝቀዣ የለም። *(ከግሼ)*

መልስ፦ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ ስለዚህ የሁለቱን ወር በአንዴ አይውሰዱ። ለአንድ ወር የሚበቃዎትን ብቻ ይዘው፣ ቀሪውን በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣ እንዲያስቀምጡልዎ ይነጋገሩ። የጀመሩት ብልቃጥ ሙቀቱ ከ30 ካላለፈ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ውኃ እንዳይገባው በላስቲክ ጠቅልለው ትንሽ ገንቦ ውስጥ ያኑሩት፤ ገንቦውን እርጥብ አሸዋ የሞላ ትልቅ ገንቦ ውስጥ አስቀምጠው፣ በጥላና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ሆኖ አሸዋው እንዳይደርቅ ውኃ ያጠጡት። ለጉዞ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አይጫን፤ በእጅ ይያዝ። ጠርቶ መታየት የሚገባው ዓይነት ከደፈረሰ፣ የሚወዘወዘው ዓይነት ደግሞ ወዝውዘውት ከተቋጠረ ይጣሉት። አገርዎ ሲመለሱ ደግሞ የግሼን ውርጭ ይጠንቀቁ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት መስኮት ሥር ተቀምጦ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም።

ስለ ኪኒኑ፦ እንደ ሀይድሮክሎሮታያዛይድ ያለ የሚያሸና ከሆነ ሙቀት ላይ ሰውነት ያደርቃል፤ ሲነሱ ሊያዞርዎ ይችላል። በራስዎ አያቋርጡ። ከመውረድዎ በፊት ግፊትዎን ያስለኩና መጠኑ ይቀነስ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ጠዋት ከመኝታ ሲነሱ ጥቂት ተቀምጠው ይቁሙ፣ ከወረዱ በሳምንቱም እንደገና ይለኩ።