«ያዕቆብ» እና «ጀምስ»፦ የአንድ ስም ጉዞ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ወደ ግሽ አባይ ምንጭ ደርሶ ነበር። በጉዞ መጽሐፉ እንደ ጻፈው፣ የአገራችን ሰዎች «ያጉቤ» ይሉት ነበር፤ ያዕቆብ ማለታቸው ነው። አዲስ ስም አላወጡለትም፤ የገዛ ስሙን ወደ ጥንቱ መለሱለት እንጂ። ከእርሱ 152 ዓመት በፊት በአጼ ሱስንዮስ ዘመን ምንጩን ያየው ፔድሮ ፓኤዝም በእኛ አጠራር ጴጥሮስ ነው። (ሱስንዮስ መንግሥቱን ያጸኑት አጼ ያዕቆብን በዚያው በጎጃም ድል ነሥተው መሆኑን ልብ ይሏል።)

ያዕቆብ እንዴት ጀምስ ሆነ? የዕብራይስጡን ስም ግሪኮች «ያኮቦስ»፣ ሮማውያን «ያኮቡስ» አሉት። በኋላ ዘመን በላቲን ተናጋሪዎች አፍ «በ» ወደ «መ» ተለውጦ «ያኮሙስ» ተባለ፤ ከዚህም የጣልያኑ ጃኮሞ፣ በፈረንሳይ በኩልም የእንግሊዙ ጀምስ ወጣ። የስፔኑ ሳንቲያጎ «ቅዱስ ያዕቆብ» ማለት ነው። እንግሊዞች አባታችንን ያዕቆብን «ጄኮብ»፣ ሐዋርያውን ግን «ጀምስ» ስለሚሉ፣ ከውጭ አጋሮች በሚደርሰን ደብዳቤ «ጀምስ ምዕራፍ 2» ተብሎ የሚጠቀሰው ስለ እምነትና ሥራ የሚናገረው የያዕቆብ መልእክት መሆኑን እንወቅ።

ስለ ትርጉሙ ኦሪት ዘፍጥረት 25፥26 ስሙን ከተረከዝ ጋር ያያይዘዋል። የሥነ ልሳን ሊቃውንት ግን ሌላም ነገር ያክላሉ፤ በጥንት አሞራውያን ዘንድ ስሙ ከ«ኤል» ጋር ተጣምሮ ይገኛልና፣ ብዙዎቹ «አምላክ ይጠብቅ» ብለው ይፈቱታል። ለዚህ ፍቺ ከሚያስረዱት አንዱ የእኛው ግእዝ ነው፤ ዐቀበ ማለት ጠበቀ፣ ዓቃቢ ማለትም ጠባቂ ነውና። ለእኛ ይህ ፍቺ ከሁሉ ይጥመናል።

ይህን ሥር የምታሳየው «ዕ» ናት። ግሪክኛው ይህ ድምፅ የለውም፤ መጽሐፋችን ከግሪክኛ የተተረጎመ ሆኖ ሳለ ስሙ ግን ዐይኑን እንደ ያዘ ቆየልን። ነገር ግን በየአጥቢያው የጥምቀት መዝገብ «ያእቆብ»፣ «ያቆብ» ተብሎ ተጽፎ እናገኛለን። የአንዱ ልጅ ስም በመዝገቡ አንድ፣ በጥምቀት ምስክር ወረቀቱ ሌላ፣ በትምህርት ማስረጃው ሦስተኛ ዓይነት ሲሆን፣ ልጁ አድጎ ማስረጃ በተጠየቀ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይመስላል፤ ጉዳዩን ለማቃናትም ወላጆች ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታሉ።

ስለዚህ መዝጋቢው ካህን ስሙን ሙሉ አድርጎ «ያዕቆብ» ብሎ ይጻፍ፤ ምስክር ወረቀቱንም ከቃል ሳይሆን ከመዝገቡ ይገልብጥ። በላቲን ፊደል መጻፍ ሲያስፈልግ ድምፁን ተከትሎ ይጻፍ እንጂ «ጀምስ» ወይም «ጄኮብ» ብሎ አይለውጠው፤ አንድ ጊዜ የተመረጠውም አጻጻፍ በመዝገቡ ኅዳግ ይመዝገብ።