የጀልባ ኤሌክትሪክ፦ ባትሪው፣ ሽቦውና እርስ በርስ የሚነጋገሩ መሣሪያዎች

በፊዚክስ መጽሐፋችን የኤሌክትሪክ ሰርኪት ሲሳል ሁልጊዜ አንድ ባትሪ፣ አንድ ማብሪያና አንድ አምፖል ነው። ለጀማሪ ይበቃል። እኛ ግን የምንኖረው በጅቡቲ፣ በወደብ ከተማ ነው። ተማሪዎቻችን የዓሣ አጥማጆችን ሞተር ጀልባዎችና ወደ ሙሻ ደሴት ሰው የሚያመላልሱትን ጀልባዎች ያውቋቸዋል። በእነዚህ ላይ የተዘረጋው ሽቦ ከመጽሐፉ አምፖል የበለጠ ያስተምራል ብለን ስላመንን፣ ለዘንድሮው የዓመት መጽሔት ይህን ርዕስ መርጠናል።

ትንሽ ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በ12 ቮልት ባትሪ ነው። 12 ቮልት በተለመደው ሁኔታ ሰው አይነዝርም፤ ስለማይነዝርም ብዙ ሰው ይንቀዋል። ነገር ግን የባትሪው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ በአንድ ሽቦ ቢገናኙ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ሊፈስ ይችላል። ቀጭን ሽቦ በሰከንዶች ውስጥ ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ እሳት ይነሣል። ቤት ቢቃጠል በር ከፍቶ መውጣት አለ፤ ጀልባ ላይ በሩ ባሕር ነው። ስለዚህ ወደ መሣሪያዎቹ የሚሄደው የፖዘቲቭ ሽቦ ፊውዝ ሊኖረው ይገባል፤ ፊውዙም ከባትሪው አንድ ስንዝር ያህል ቢርቅ ነው። ብዙዎች ፊውዝ የሚጠብቀው ሬዲዮኑን ይመስላቸዋል። በቅድሚያ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ፊውዙ ሬዲዮኑ አጠገብ ብቻ ከተቀመጠ፣ ከባትሪው እስከዚያ ያለው ሽቦ በሙሉ ያለ ጠባቂ ቀረ ማለት ነው።

አሁን እርሳስና ወረቀት ያዙ። የመገናኛ ሬዲዮ በ25 ዋት ኃይል ሲያስተላልፍ ወደ 6 አምፒር ይወስዳል እንበል። ከባትሪው እስከ ሬዲዮኑ 6 ሜትር ቢሆን፣ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ የምንቆጥረው 12 ሜትር ነው። (ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ነው፤ መመለሻውን ይረሳል።) አንድ ሜትር ርዝመትና 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መዳብ ወደ 0.0172 ኦም ሬዚስታንስ አለው። 1.5 ሽቦ ከተጠቀምን 0.0172 በ12 ተባዝቶ ለ1.5 ሲካፈል 0.138 ኦም ገደማ ይሆናል። በኦም ሕግ መሠረት በ6 አምፒር ስናባዛው 0.83 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ከ12 ቮልት ወደ 7 በመቶ የሚጠጋ ነው። ለመገናኛና ለመብራት ከ3 በመቶ ማለትም ከ0.36 ቮልት በላይ እንዳይጠፋ ይመከራል። በ4 ሽቦ ብንተካው የሚጠፋው 0.31 ቮልት ብቻ ነው። ባትሪው በደከመበት ሌሊት፣ ያቺ ግማሽ ቮልት ሬዲዮኑ ልክ ማስተላለፊያው ሲጫን እንዲጠፋ ወይም እንዳይጠፋ ልታደርግ ትችላለች።

ስለ ሽቦው ዓይነት አጭር ነገር እንበል። የቤት ሽቦ ውስጡ አንድ ወፍራም መዳብ ነው፤ የሞተር ንዝረት ያደክመውና ይሰብረዋል። ለጀልባ የሚሆነው ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ፣ ክሮቹም በቆርቆሮ ማዕድን የተለበጡ ሽቦ ነው፤ እርቃኑን የቀረ መዳብ በጨው አየር ይሻግታል፣ አረንጓዴ ይሆናል። አንድ ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1820 ኤርስቴድ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር አሳየ። በኮምፓስ አጠገብ ሽቦ ማለፍ ካለበት ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ እንደ ሹሩባ ይጠማዘዛሉ፤ የአንዱ መግነጢሳዊ ጉልበት የሌላውን ያጠፋዋል።

ኃይል ከደረሰ በኋላ መሣሪያዎቹ መነጋገር አለባቸው። ጂፒኤሱ ቦታውን ያውቃል፣ ጥልቀት መለኪያው የባሕሩን ወለል ያውቃል፤ ግን ለብቻ ማወቅ ምን ይጠቅማል? አሮጌው መንገድ ኤንኤምኢኤ 0183 ይባላል። አንዱ ይናገራል፣ ሌሎች ይሰማሉ፤ የአንዱ መናገሪያ ሽቦ ከሌላው መስሚያ ጋር ይታሰራል። መናገሪያን ከመናገሪያ ያሰረ ሰው ሁለት ሰዎችን ጆሯቸውን ደፍኖ እንዳናገረ ነው። አዲሱ ኤንኤምኢኤ 2000 ደግሞ ሁሉንም በአንድ ዋና ገመድ ላይ ያሰባስባል። መሠረቱ የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ለመኪና ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1986 ይፋ ያደረገው አሠራር ነው። እያንዳንዱ መልእክት ቁጥር አለው፤ ሁለት መሣሪያዎች እኩል ቢጀምሩ ትንሽ ቁጥር ያለው ይቀጥላል፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። በቤታችን ታላቅ ሲናገር ታናሽ ዝም እንደሚል ዓይነት ነው።

የዋናው ገመድ ሁለት ጫፎች ላይ 120 ኦም የሆነ መዝጊያ ይገጠማል። ካልተገጠመ መልእክቱ ጫፉ ጋ ደርሶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለስና ንግግሩን ያበላሻል። ኃይሉን አጥፍታችሁ በቴስተር በሁለቱ የመልእክት ሽቦዎች መካከል ስትለኩ 60 ኦም ማግኘት አለባችሁ፤ ሁለት 120 ጎን ለጎን ሲታሰሩ ግማሽ ይሆናሉና። 120 ካነበባችሁ አንዱ መዝጊያ የለም። 40 ካነበባችሁ አንድ ሰው ሦስተኛ ጨምሯል።

ከእነዚህ ግንኙነቶች ሁሉ እኛ የምናስቀድመው በጂፒኤሱና በቪኤችኤፍ ሬዲዮኑ መካከል ያለውን ነው። ዲኤስሲ ያለው ሬዲዮ ክዳን ያለው ቀይ ቁልፍ አለው። ቁልፉ ተጭኖ ሲያዝ ሬዲዮኑ በቻናል 70 የጀልባዋን ባለ ዘጠኝ አኃዝ መለያ ቁጥርና ያለችበትን ቦታ በራሱ ይልካል፤ ከዚያ በድምፅ በቻናል 16 ይቀጥላል። የመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ ሦስት አኃዞች አገርን ያሳያሉ፦ የጅቡቲ 621፣ ባሕር የሌላት የአገራችን የኢትዮጵያም 624 ነው። በውስጡ ጂፒኤስ የሌለው ሬዲዮ ከጂፒኤስ ጋር ካልታሰረና ቦታው በእጅ ካልተመዘገበ ግን ጥሪው ያለ ቦታ ይሄዳል። ማን እንደተጣራ ይታወቃል፤ የት እንዳለ አይታወቅም። በዚህ ባሕር ወደ የመን ሲሻገሩ የሰጠሙ ወገኖቻችንን የማያስታውስ ወላጅ በመካከላችን ስለሌለ፣ «የት» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ማስረዳት አያስፈልገንም።

ለክረምቱ አንድ ጥያቄ እንተው። ከባትሪው 9 ሜትር ርቆ 2 አምፒር የሚወስድ የካርታ ማሳያ በ2.5 ሽቦ ተገጥሟል። የጠፋውን ቮልት አስሉ። ከዚያ ባለቤቱ በዚያው ሽቦ ላይ ሌላ 2 አምፒር የሚወስድ የጥልቀት መለኪያ ልጨምር ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? መመለሻውን አትርሱ።