ብስክሌት የሚጋለብበት ሙዚየም፦ ከጥይት ፋብሪካ ወደ ጥበብ ቤተ ሙከራ

ሥነ ጥበብና ፊዚክስ የት ይገናኛሉ? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነን በደቡብ ምዕራብ ጀርመን የምትገኘው የካርልስሩኧ ከተማ ናት። ሃይንሪክ ኸርዝ የኤሌክትሮማግኔት ሞገድን መኖር በሙከራ ያረጋገጠው በዚህችው ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የተመሠረተው የከተማዋ የሥነ ጥበብና የሚዲያ ማዕከል ደግሞ ከ1997 ጀምሮ የሚገኘው በቀድሞ የጦር መሣሪያና የጥይት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሕንፃው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ ከ300 ሜትር በላይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በግዳጅ የመጡ ሠራተኞች ደክመውበታል።

ከማዕከሉ ታዋቂ ሥራዎች አንዱ ጄፍሪ ሾው እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1991 ያዘጋጀው «የምትነበብ ከተማ» ነው። ጎብኚው ከቦታው በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ፔዳሉን ሲመታ፣ ከፊቱ ባለው ሰፊ ስክሪን ላይ በሕንፃ ፈንታ ግዙፍ ፊደላት የተደረደሩባቸው ጎዳናዎች ያልፋሉ። ኮምፒዩተሩ የፔዳሉን ፍጥነትና የመሪውን አቅጣጫ ይቀበላል።

ስሌቱን በምሳሌ እንመልከት። ጋላቢው በሰከንድ 3 ሜትር ይጓዛል፣ ኮምፒዩተሩም በሰከንድ 20 ምስል ይሥላል እንበል። በሁለት ምስሎች መካከል ያለው ጊዜ 0.05 ሰከንድ ስለሆነ፣ ጋላቢው በእያንዳንዱ ምስል 3 × 0.05 = 0.15 ሜትር ይጓዛል። ከጎዳናው 30 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ከሆነ፣ በኮሳይን ወደፊት 13 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በሳይን ወደ ጎን 7.5 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ኮምፒዩተሩ ሲያረጅ ነው። በምትኩ በሰከንድ 60 ምስል የሚሥል አዲስ መሣሪያ ገባ እንበል። ፕሮግራሙ ጊዜን ሳይለካ በየምስሉ 15 ሳንቲ ሜትር መደመሩን ከቀጠለ፣ ያው ጋላቢ በሰከንድ 9 ሜትር ይከንፋል! ፊደላቱ ሳይነበቡ ያልፋሉ፤ ሥራውም ስሙን ያጣል። ብስክሌቱም ፊደሉም አንድ ሳይጎድል ጥበቡ ግን ጠፍቷል።

ስለዚህ የዚህ ዓይነቱ ሙዚየም ጠባቂ ዕቃ ብቻ ጠብቆ አይበቃውም። ሊጠብቅ የሚገባው በሰው እንቅስቃሴና በምስሉ መካከል ያለውን ዝምድና ነው፤ እርሱም በርቀት፣ በጊዜና በአቅጣጫ የሚጻፍ ነው። በአዲሱ መሣሪያ ላይ የጋላቢው ፍጥነት በሰከንድ 3 ሜትር ሆኖ እንዲቀጥል በየምስሉ ስንት ሳንቲ ሜትር መደመር አለበት? መልሱን አንባቢያን ራሳቸው እንዲያሰሉት ትተንላቸዋል።