«ሲሊ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

አንባቢ ሆይ፥ እንግሊዝኛ የተማርህ እንደ ሆነ «ሲሊ» የሚለውን ቃል ታውቀዋለህ፤ ዛሬ ትርጓሜው ሞኝ ማለት ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን ደስተኛና ቡሩክ ማለት ነበረ፤ ዘመዱ የሆነው የጀርመንኛው «ዜሊኽ» ዛሬም ብፁዕ ማለት ነው። ከዚያም ቃሉ በደል የሌለበትን የዋህ፥ ቀጥሎም የሚታዘንለትን ደካማ ያመለክት ጀመር፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ግን ለሞኝ ስም ሆነ። እነሆ፥ የዋሁ ሰው እንደ ሞኝ ሲቈጠር ስሙም አብሮት ተዋረደ።

ነገር ግን በእንግሊዞች አትፍረድ። እኛም በስሕተት የተሰጠውን ትርፍ ገንዘብ የሚመልሰውን ሰው «አይ የዋህ!» ብለን እንስቅበታለንና። እንግዲህ ይህ ቃል ከአፍህ ሳይወጣ፥ «ምስጋና ነውን ወይስ ንቀት?» ብለህ አስቀድመህ ልብህን ጠይቅ።