የባላንጣዋ ድምፅ፦ ግሬስ በምብሪ ከአምነሪስ እስከ አይዳ

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ለሚኒ ሚዲያ ዜና አንባቢነት ተፈትኜ ወድቄያለሁ። ንባቤ ተበላሽቶ አልነበረም። «ድምፅሽ ለሴት ይወፍራል፤ አንቺ ጽሑፉን አዘጋጂ፣ ሌላ ልጅ ታንብበው» ተባልኩ። እኔም እሺ ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ በሌላ ልጅ ድምፅ የሚነበብ ዜና ስጽፍ ከረምኩ። ዘንድሮ መምህራችን የአንድ አርቲስት ሕይወትና ሥራ ጽፋችሁ አምጡ ሲሉን የኦፔራ ዘፋኝ መምረጤ ጓደኞቼን አስቋል። የመረጥኩበት ምክንያት ግን ይኸው የሚኒ ሚዲያው ጉዳይ ነው። ግሬስ በምብሪም ድምፅዋ የት ቦታ መቆም እንዳለበት ሌሎች ሊወስኑላት የሞከሩ ሴት ነበረች።

ወደ ታሪኳ ከመግባቴ በፊት ለማያውቀው አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ኦፔራ በዜማ የሚተወን ቲያትር ነው። ዘፋኙ እንደ ደንቡ ማይክራፎን አይጠቀምም፤ ከፊቱ ሙሉ ኦርኬስትራ እየተጫወተ ድምፁ ከኋላኛው ወንበር ድረስ መሰማት አለበት። ይህን መጀመሪያ ሳነብ የቆቦ ልጅ ስለሆንኩ ብዙም አልገረመኝም። እኛ ዘንድ ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ግሪሳ ወፍ እንዳይጨርሰው ማማ ላይ ወጥቶ መጠበቅ የልጆች ሥራ ነው። ወንጭፍ አለ፤ ወንጭፍ የማይደርስበትን ደግሞ በጩኸት ነው የምንጠብቀው። አያቴ «ከጉሮሮሽ አትጩኺ፣ ከሆድሽ አውጪው፤ አለዚያ ቀትር ሳይደርስ ድምፅሽ ይሰልላል» ትለኝ ነበር። የኦፔራ መምህራን ስለ ትንፋሽ ለዓመታት የሚያስተምሩት ነገር መነሻው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

የሴት ድምፅ በኦፔራ በሦስት ይከፈላል። ከፍተኛው ሶፕራኖ፣ መካከለኛው ሜዞ ሶፕራኖ፣ ዝቅተኛው ኮንትራልቶ ይባላል። ታዲያ ክፍፍሉ በድምፅ ብቻ አያበቃም፤ ሚናውንም ይወስናል። የምትፈቀረዋ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሶፕራኖ ናት። ሜዞዋ ባላንጣ፣ እናት፣ ሞግዚት ወይም ጠንቋይ ትሆናለች፤ አንዳንዴም ሱሪ ለብሳ ወጣት ወንድ ሆና ትተውናለች። እንደ ካርመን ያለ ዋና ሚና ለሜዞ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በምብሪ በ1937 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ሴንት ልዊስ ከተማ ተወለደች። አባቷ የባቡር ጭነት ሠራተኛ፣ እናቷ አስተማሪ ነበሩ። በ17 ዓመቷ አንድ የከተማው ሬዲዮ ጣቢያ ያዘጋጀውን ውድድር አሸነፈች። ከሽልማቱ አንዱ በከተማው የሙዚቃ ተቋም ነፃ የትምህርት ዕድል ነበር። ተቋሙ ግን ጥቁር በመሆኗ አልቀበላትም አለ። ከነጮቹ ተለይታ ለብቻዋ ትማር የሚል ሐሳብ ሲመጣ እናቷ አልተስማሙም። ልጅቷ ቦስተን፣ ቀጥላም ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ገባች። እዚያም ጀርመን የተወለደችውን ዝነኛ ሶፕራኖ ሎተ ሌማንን አገኘችና ካሊፎርኒያ ድረስ ተከትላት ሄዳ ተማረች።

ለእኔ ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሌማን «ሜዞ ነሽ» ትላታለች፤ ሌላው መምህሯ አርማንድ ቶካትያን ደግሞ «የለም፣ ሶፕራኖ ነሽ» ይላታል። እሷ በሜዞነት ጀመረች።

በ1960 በፓሪስ ኦፔራ የመጀመሪያ ሚናዋ በቨርዲ «አይዳ» ውስጥ አምነሪስ ነበረች። ይህን ኦፔራ እኛ ልናውቀው ይገባ ነበር። አይዳ በግብፅ የተማረከች የኢትዮጵያ ልዕልት ናት (ስንት አይዳ የምትባል ልጅ በየክፍላችን አለች!)። አምነሪስ የግብፅ ልዕልት፣ የአይዳ ባላንጣ ናት፤ ሁለቱም አንድ የጦር አለቃ ያፈቅራሉ። አይዳ ሶፕራኖ፣ አምነሪስ ሜዞ ናቸው። ኦፔራው መጀመሪያ የታየው ታኅሣሥ 1871 በካይሮ ሲሆን፣ ያሠራው ኬዲቭ ኢስማኤል ነው። በመድረኩ ላይ ግብፆች ኢትዮጵያውያንን ድል ያደርጋሉ። ኢስማኤል ከጥቂት ዓመታት በኋላ እውነተኛ ጦር ላከ፤ በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተመታ። መድረኩና ሜዳው አልተገናኙም።

በ1961 ደግሞ ጀርመን አገር በባይሮይት ፌስቲቫል በቫግነር «ታንሆይዘር» ውስጥ ቬነስን እንድትጫወት ተመረጠች። በዚያ መድረክ ጥቁር ዘፋኝ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበረች። የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ። የመረጣት የአቀናባሪው የልጅ ልጅ ቪላንድ ቫግነር ግን አያቱ የጻፈው ለድምፅ ቀለም እንጂ ለቆዳ ቀለም አይደለም ብሎ ጸና። በመክፈቻው ሌሊት ጭብጨባው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ፤ ተዋንያኑ 42 ጊዜ ተመልሰው እጅ ነሡ። ጋዜጦች «ጥቁሯ ቬነስ» አሏት። እውነቱን ለመናገር የእኔም የመጀመሪያ ረቂቅ ርዕስ ይኸው ነበር። መምህሬ በቀይ አሰመሩበትና «ስለ ድምፅዋ ምን ነገርሽን?» ብለው ጻፉበት። ምንም አልነገርኩም ነበር። እነዚያ ደብዳቤዎችም ያዩት ቆዳዋን ነው፤ አድናቂዎቹ ጋዜጦችም ያዩት ያንኑ ነው።

በ1965 በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ዘፈነች፤ በ1966 ደግሞ በሳልዝበርግ ካርመን ሆነች። ሜዞ ሊደርስበት የሚችለው ከፍታ ላይ ነበረች ማለት ይቻላል። ከዚያ በ1970 ለንደን ውስጥ ሰሎሜን፣ በ1971 ኒው ዮርክ ውስጥ ቶስካን ተጫወተች። ሁለቱም የሶፕራኖ ሚናዎች ናቸው! ለውጡን ያልወደዱላት ሃያስያን ነበሩ፤ እኔም የቻልኩትን ያህል አዳምጬ የታችኛው ድምፅዋ ይበልጥብኛል። ቢሆንም ምርጫው የእሷ ነው። የሜዞ ሚናዎችንም ጨርሳ አልተወችም፤ በዘመኗ አምነሪስንም አይዳንም ዘፍናለች። ባላንጣዋንም ተፈቃሪዋንም፣ ግብፃዊቷንም ኢትዮጵያዊቷንም መሆኗ ነው። በግንቦት 2023 በ86 ዓመቷ ቪየና ውስጥ አረፈች።

መስማት ለሚፈልግ በዙቢን ሜታ መሪነት ሮም ላይ የተቀዳውን «አይዳ» እጠቁማለሁ። አምነሪስ በምብሪ ናት፤ የኢትዮጵያዋን ልዕልት የምትዘፍነው ደግሞ ስዊድናዊቷ ቢርጊት ኒልሰን። ዶርም ውስጥ ከፍቼው ሁለቱ ልዕልቶች የሚፋጠጡበት ላይ ሲደርስ ከላይኛው አልጋ ያለችው ልጅ «የእኛዋ የትኛዋ ናት?» አለችኝ። «ቀጭኗ» አልኳት። ትንሽ አዳመጠችና «እኔ ወፍራሟ መስላኝ» አለች።